ያጠረው የሥልጠናው ቀን አይደለም፦ ቤተሰብን ለሚደግፉ ሠራተኞች ትራውማን ያገናዘበ ሥልጠና

ጥያቄ፦ «ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየጎበኙ የሚደግፉ ሠራተኞችን አስተባብራለሁ። አብዛኞቹ የሥነ ልቦና ትምህርት የላቸውም። የምናገለግላቸው ቤተሰቦች ጥቃት፣ መፈናቀልና ድንገተኛ ሞት ያዩ ስለሆኑ ለሠራተኞቹ ስለ ትራውማ፣ ማለትም አስደንጋጭ ክስተት በሰው ላይ ስለሚተወው የሥነ ልቦና ቁስል፣ የሁለት ቀን ሥልጠና አሰጠን። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅነት ጉዳት የሚጠይቀውን ባለ አሥር ጥያቄ መጠይቅ በመጀመሪያው ጉብኝት ማስሞላት፣ እናቶችም የደረሰባቸውን ሁሉ እንዲናገሩ ማበረታታት ጀመርን። አሁን ግን ቀጠሮ የሚሰርዙ ቤተሰቦች በዝተዋል፤ አንዲት እናት በሯን መክፈት ትታለች፤ ሁለት ሠራተኞቻችንም እንቅልፍ አጥተዋል። ኃላፊዬ ሥልጠናው ስላነሰ ነው፣ በአምስት ቀን ይደገም ይላል። እውነት ያነሰው ቀኑ ነው? ሠራተኞቹን ለማከም የሚያበቃቸው ሥልጠናስ የትኛው ነው?»

ያነሰው ቀኑ አይደለም። ያው ሥልጠና በአምስት ቀን ቢደገም የሚያስከትለው ያንኑ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተቀላቅለዋል፤ እነሱ ሳይለያዩ ስለ ሥልጠና መነጋገር አይቻልም። አንደኛው የትራውማ ሕክምና ነው፤ በምርመራ ለተለየ ችግር፣ በዘርፉ በሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ በታወቀ ቅደም ተከተል የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ከወላጃቸው ወይም ከአሳዳጊያቸው ጋር የሚሰጠው፣ በትራውማ ላይ ያተኮረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜያት ይወስዳል፤ በዚያም ውስጥ ልጁ የደረሰበትን በዝርዝር የሚናገረው ስሜቱን ማረጋጋት ከተማረ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ሁለተኛው ትራውማን ያገናዘበ አገልግሎት ነው። ይህ ሕክምና ሳይሆን፣ ከጥበቃ ሠራተኛው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው ከባድ ነገር አሳልፎ ሊሆን እንደሚችል አውቆ አቀራረቡንና ደንቡን በዚያ መጠን የሚያስተካክልበት የአሠራር መንገድ ነው። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማክሲን ሃሪስና ሮጀር ፋሎት እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጡት፣ ማንኛውም ማኅበራዊ አገልግሎት ሕክምና ሳይሰጥም ሰውን ከመጉዳት ሊቆጠብና ሊጠቅም እንደሚችል ለማሳየት ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ አገልግሎቶችን የሚመራው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላይ ትራውማን ያገናዘበ ድርጅት አራት ነገር ያደርጋል ይላል፦ ትራውማ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነና ሰው ከእርሱ እንዴት እንደሚያገግም ይረዳል፤ ምልክቶቹን በተገልጋዩም በሠራተኛውም ላይ ይለያል፤ ይህን እውቀት በደንቡና በዕለት ተዕለት ሥራው ላይ ያውላል፤ ሰውን ዳግም ከመጉዳትም ይጠነቀቃል። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ሥልጠናችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ቆሟል። ሦስተኛው አልተነካም፤ አራተኛው ደግሞ ሳይታሰብ ተጥሷል። ሠራተኞቹ ቁስል መኖሩን ተማሩ፤ ቁስል ካለበት ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖርና እንደሚሠራ ግን ስላልተማሩ፣ የነበራቸው ብቸኛ መሣሪያ መጠየቅ ሆነ። ጥፋቱም የእነሱ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት አስተሳሰብ «የምናገለግላቸው ሁሉ ተጎድተዋል፤ ስለዚህ ሁሉም መታከም አለባቸው» የሚለው ነው። በ24 አገሮች ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተው የዓለም የአእምሮ ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ከባድ አስደንጋጭ ነገር ገጥሟቸዋል፤ ከእነዚህ መካከል በሕይወት ዘመናቸው ድኅረ አደጋ ጭንቀት የተባለው ሕመም የያዛቸው ግን 5.6 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ አማካይ ነው፤ ከመደፈርና በቅርብ ሰው እጅ ከሚፈጸም ተደጋጋሚ ጥቃት በኋላ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ሕመሙ ያልያዛቸውም ቢሆኑ ሐዘን፣ ፍርሃትና ድካም የለባቸውም ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ፣ ተመሳሳይ ክስተት በሁለት ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አያደርስም። ክስተቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው እንዴት እንዳሳለፈው ሌላ ነው፤ የተወበት ጫና ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚያገግመው ደኅንነቱ ሲረጋገጥ፣ መሠረታዊ ፍላጎቱ ሲሟላና አጠገቡ የሚታመን ሰው ሲኖር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የእናንተ ሠራተኞች ከማንኛውም ሐኪም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ብዙ በጎ ፈቃደኛ ረዳቶችን ወደ ተሳሳተ መንገድ መርቷቸዋል። የደረሰበትን ሁሉ የተናገረ ሰው ይቀለዋል የሚለው እምነት በጥናት ተፈትኗል። ከአደጋ በኋላ ወዲያውኑ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ሰው ያየውንና የተሰማውን በዝርዝር እንዲናገር የሚያደርገው ውይይት በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ አንድ ጥናት፣ በቃጠሎ ከተጎዱ ሕሙማን መካከል እንዲህ ያለውን ውይይት ካደረጉት ከ13 ወራት በኋላ 26 በመቶዎቹ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ሲታይባቸው፣ ካላደረጉት ግን 9 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ምክንያት ውይይቱ እንዳይሰጥ ይመክራል። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያዘጋጀው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የረዳቱን ሥራ በሦስት ቃላት ይገልጸዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ሰውየው ራሱ መናገር ከፈለገ ይደመጣል፤ እንዲናገር ግን አይጫንም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አስፈሪውን ነገር በዝርዝር ማስታወስ ሰውነትን ወደዚያው ሁኔታ ይመልሰዋል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የማገናዘብ አቅም ይቀንሳል። በሕክምና ክፍል ውስጥ ይህ የሚደረገው በመጠን ነው፤ ታካሚው ራሱን ማረጋጋት ተምሯል፤ ባለሙያው የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ይገኛል። በቤት ጉብኝት ላይ ግን ልጆች በሚቀጥለው ክፍል ሆነው ይሰማሉ፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ያው በቤቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሠራተኛዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥታ ትሄዳለች፤ እናቲቱ ደግሞ ከተከፈተው ቁስል ጋር ብቻዋን ሆና እራት ማቅረብ ይጠበቅባታል። በር መዝጋቷ አለመተባበር ሳይሆን ራስን መጠበቅ ነው።

መጠይቁን ዛሬውኑ አቁሙት። አሥሩ ጥያቄዎች የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ መታተም ከጀመረ፣ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ካካተተ ጥናት ነው። ጥናቱ የልጅነት መከራ በጎልማሳነት ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለመላው ኅብረተሰብ በማሳየቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን አንዲትን እናት ነጥብ ሰጥቶ ለመመደብ አልተሠራም። ነጥቡ ጉዳቱ በስንት ዓመቷ እንደደረሰ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ አይጠይቅም፤ አራት ነጥብ ያላት ደኅና ልትሆን፣ አንድ ነጥብ ያላት ደግሞ በጽኑ ልትታመም ትችላለች። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ የሆኑት ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 በጻፉት ጽሑፍ፣ ነጥቡ ግለሰብን ለመመርመርና አገልግሎት ለመወሰን እየዋለ መሆኑን ተቃውመዋል። እስካሁን የተሞሉት ቅጾች ደግሞ እጅግ የግል መረጃ የያዙ ናቸው፤ ማን እንደሚያያቸው ወዲያውኑ ይገደብ፣ ስለ አያያዛቸው ወይም ስለ መወገዳቸው በምትገዙበት ሕግ መሠረት በጽሑፍ ይወሰን፣ ቤተሰቦቹም ይህን ይነገራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ያለፈውን ታሪክ አለመቆፈር ማለት ከባድ ጥያቄ አለመጠየቅ ማለት አይደለም። አሁን በቤት ውስጥ ጥቃት ካለ፣ ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሰውየው ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ካለው፣ ሠራተኛው በግልጽ ቃል፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ መጠየቅ አለበት። ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። ልዩነቱ፣ የደኅንነት ጥያቄ ወዲያውኑ የሚወሰድ እርምጃ ይከተለዋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከመጠየቁ በፊት መልሱ «አዎ» ከሆነ ለማን እንደሚደውልና እናቲቱን ብቻዋን ሳይተው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይኖርበታል።

ታዲያ ምን ይሠልጥኑ? በመጀመሪያ በሰው ባህርይ ውስጥ የፍርሃትን መልክ ማየትን ይማሩ። ቀጠሮ የምትረሳ እናት፣ በትንሽ ነገር የምትቆጣ አያት፣ ፊቱን አዙሮ የሚቀመጥ አባት፣ ከእናቱ ቀሚስ የማይላቀቅ ወይም ታናሹን የሚመታ ልጅ፣ አልጋ ላይ መሽናቱን ትቶ እንደገና የጀመረ የስድስት ዓመት ሕፃን፣ እነዚህ ሁሉ በሠራተኞች ዘንድ ስንፍና፣ ንቀት ወይም ብልግና ተብለው ይመዘገባሉ። ሠልጣኙ መልመድ ያለበት ፍርዱን ለጊዜው አቆይቶ «ይህ ባህርይ ለዚህ ሰው ምን ያደርግለታል? ከምን ይጠብቀዋል?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው። ሆኖም ሁሉን ነገር በትራውማ መተርጎምም ሌላ ስሕተት ነው፤ እናቲቱ ቀጠሮውን የረሳችው ልጇ ታሞባት ወይም የመጓጓዣ ገንዘብ አጥታ ሊሆን ይችላል። ባህርዩን መረዳትም ጥቃትን ማመካኘት አይደለም፤ አባትየው በልጅነቱ መደብደቡ ዛሬ ልጁን እንዲደበድብ ፈቃድ አይሰጠውም።

ቀጥሎ የሚመጣውና የሥልጠናው ልብ መሆን ያለበት፣ ሰዓቱና ሥርዓቱ የታወቀ ጉብኝት ማካሄድ ነው። ከባድ ነገር ያሳለፈን ሰው ድንገተኛ ነገር ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ መቼ እንደሚመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ ምን እንደሚጽፉና የጻፉትን ማን እንደሚያነበው አስቀድሞ መንገር ራሱ ድጋፍ ነው። የት እንቀመጥ፣ በሩ ይዘጋ ወይስ ክፍት ይሁን፣ ዛሬ ስለ የትኛው ጉዳይ እንነጋገር ብሎ መጠየቅ ትንሽ ይመስላል፤ ፈቃዱ ተገፎ ለነበረ ሰው ግን ምርጫ ማግኘት ታላቅ ነገር ነው። ቃል የተገባ ነገር መፈጸም አለበት፤ የማይፈጸም ከሆነም ሳይዘገይ ይነገር። የምስጢር ወሰንም ሰውየው ምስጢሩን ከማውጣቱ በፊት እንጂ ካወጣ በኋላ አይገለጽም። «የምትነግሪኝን ለሌላ አልናገርም፤ ነገር ግን አንቺ ወይም ልጅሽ አደጋ ላይ መሆናችሁን ከሰማሁ ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ያኔም አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ» የሚለው ንግግር በሠልጣኙ አፍ እስኪለሰልስ ድረስ ደጋግሞ ሊለማመደው ይገባል።

ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ሲያጋጥም የሚያስፈልገው ችሎታ ደግሞ ማዳመጥና በጊዜው ማቆም ነው። ሠራተኛው ዝርዝር ሳይጠይቅ ይሰማል፤ ያምናታል፤ «ይህን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ይላል፤ አሁን የሚያስፈልጋትን ይጠይቃል። ሴትየዋ ወደ ውስጥ እየሰጠመች፣ ዓይኗ እየፈዘዘ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ከሄደ ወደ አሁኑ ጊዜ ይመልሳታል፤ እግሯ መሬት መርገጡን እንድታስተውል፣ በክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን ነገሮች እንድትጠራ፣ ትንፋሿን በዝግታ እንድታወጣ ይጋብዛታል። ይጋብዛል እንጂ አያዝዝም፤ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ ለአንዳንድ ሰው ፍርሃቱን ይጨምርበታልና ዓይን ተከፍቶ መሥራት ይሻላል። ሳይፈቀድ መንካት፣ ማቀፍም ቢሆን፣ አይገባም።

ቤተሰብን ለሚደግፍ ሰው ልዩ የሆነው ነገር ሕፃናት ናቸው። ትንሽ ልጅ ራሱን የሚያረጋጋው በአሳዳጊው መረጋጋት በኩል ነው፤ ስለዚህ ልጁን ለመርዳት አጭሩ መንገድ እናቱን ወይም አባቱን መደገፍ ነው። የመኝታና የምግብ ሰዓት መታወቁ፣ ከመለያየት በፊት መሰነባበት፣ የሞተን ሰው «ተኝቷል» ወይም «ሄዷል» ከማለት ይልቅ ዕድሜውን በሚመጥን ቃል እውነቱን መንገር፣ ልጁ የደረሰውን በጨዋታ ደጋግሞ ሲያሳይ አለመቆጣት፣ እነዚህን ማንኛውም ሠራተኛ ተምሮ ሊያስተምር ይችላል። በተመሳሳይ ጊዜ ለወላጁ «ልጅህ በአንተ ምክንያት ተጎዳ» ወይም «ልጅሽ በአንቺ ምክንያት ተጎዳ» የሚል ስሜት የሚሰጥ ትምህርት መወገድ አለበት። የልጅ አንጎል በጭንቀት ለዘላለም ይበላሻል የሚለው አነጋገር በሥልጠናዎች ላይ ይደጋገማል፤ ሳይንሱ የሚለው ግን አደጋው እንደሚጨምርና አስተማማኝ ግንኙነት ሲኖር ብዙ ልጅ እንደሚያገግም ነው።

ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ልመለስ። የሌላውን መከራ በየቀኑ መስማት ሰሚውን ሊጎዳ እንደሚችል ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሙያው የታወቀ ነው፤ የሚታዩትም ምልክቶች ከተጎጂው ጋር ይመሳሰላሉ፤ እንቅልፍ ማጣት፣ የሰሙት ምስል ሳይጠሩት መምጣት፣ አንዳንድ ቤቶችን መፍራት፣ አለዚያም ስሜት አልባ መሆን። ይህ ከሥራው የሚመጣ ጉዳት ነው፤ የባህርይ ድክመት ብሎ መያዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። ራሳችሁን ተንከባከቡ የሚል ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ኃላፊነቱ የድርጅቱ ነው። ከባድ ጉዳይ በአንድ ሰው ላይ እንዳይከማች ይከፋፈል፤ ከአስቸጋሪ ጉብኝት በኋላ ሌላ ጉብኝት ወዲያውኑ አይቀጠር፤ ብቻቸውን መሄድ የሚያሰጋበት ቤት ጥንድ ሆነው ይሂዱ። ሁለቱን ሠራተኞች በዚህ ሳምንት በግል ያነጋግሯቸው፣ ጫናቸውን ለጊዜው ይቀንሱ፣ ችግሩ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም ሥራቸውንና ቤታቸውን ካወከ ወደ ባለሙያ ይምሯቸው፤ የተናገሩት በሥራ ምዘናቸው ላይ እንደማይመጣም በግልጽ ይንገሯቸው።

የሥልጠናው ክፍልም ራሱ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል አሠልጣኞች ይዘነጋሉ። ከሠልጣኞቹ መካከል ራሳቸው ጥቃት የደረሰባቸው እንዳሉ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ምን ርእስ እንደሚነሣ በዋዜማው ይነገር፤ መውጣትና መመለስ ያለ ምክንያት ይፈቀድ፤ የሚያሰቅቅ ፎቶግራፍና ቪዲዮ አይታይ፤ ማንም የራሱን ታሪክ እንዲያካፍል አይጠየቅ። አሠልጣኝ ስትመርጡ ይህን ጠይቁት፤ ሠልጣኙን ማስለቀስ የስኬት ምልክት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ። ሥልጠና እውቀትን እንደሚጨምር አያከራክርም፤ ከሥልጠናው በኋላ የሰው አሠራር መለወጡ ግን ሌላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊሊያም ሚለርና ባልደረቦቻቸው አነቃቂ ቃለ ምልልስ የተባለውን የምክር ዘዴ ባስተማሩባቸው ሥልጠናዎች ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ አጭሩን ሥልጠና የወሰዱት ሰዎች ብዙ እንደተማሩ አመኑ፤ የተቀዳው ንግግራቸው ሲታይ ግን ለውጡ ትንሽ ነበር፤ የተገልጋዮቻቸውንም ምላሽ የሚለውጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሥልጠናውን ተከትሎ ስለ ሥራቸው አስተያየትና የግል እገዛ ያገኙት ችሎታቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ ሥልጠናውን ብቻ የወሰዱት ወደ ኋላ ተመለሱ። በትራውማ ሥልጠናዎች ላይም እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የ23 ጥናቶች ግምገማ አለ፤ የሠራተኞች እውቀትና አመለካከት መሻሻሉ በብዛት ቢታይም አብዛኞቹ ጥናቶች ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ ለተገልጋዩ ያመጡት ጥቅም ላይ ያለው ማስረጃም ቀጭን ነው። ስለዚህ ማንም «ይህ ሥልጠና ቤተሰቦችን ይፈውሳል» ብሎ ቃል ቢገባላችሁ አትመኑት።

የኢንተርኔት ኮርስ ለጋራ መነሻ እውቀት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። አንድ ሰው ሠልጥኖ ሌሎቹን ያሠልጥን የሚለው ዘዴ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚህ ርእስ ላይ ደግሞ የሳሳ እውቀት ጉዳት እንዳለው አይታችኋል። የማከም ሥልጠና ለጠየቁት ቀጥተኛ መልሴ፣ ሁሉንም ሠራተኞች ሐኪም ለማድረግ አትሞክሩ የሚል ነው። በአካባቢያችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በጣም ከጠፋ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ችግርን የመቋቋሚያ አጭር ፕሮግራም አለ። ባለሙያ ያልሆኑ ረዳቶች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ የሚወስዱ አምስት ክፍለ ጊዜያትን ይሰጣሉ፤ ሰውየው ጭንቀቱን እንዲያረጋጋ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ደረጃ በደረጃ እንዲፈታ፣ ያቋረጠውን የዕለት ሥራ እንዲቀጥልና የሰው ድጋፉን እንዲያጠናክር ይረዳሉ። ያለፈውን ጉዳት አይቆፍርም። ይህም ቢሆን የሚሠራው ረዳቶቹ በሚገባ ሠልጥነው የባለሙያ ክትትል ሳይለያቸው ነው፤ ፍላጎቱና ትዕግሥቱ ያላቸውን ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች መርጦ ማሠልጠን ይሻላል፤ የቀሩት በሥራቸው ይቀጥሉ።

የኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። የአምስት ቀኑን ሥልጠና ሰርዙት። መጀመሪያ ደንባችሁን መርምሩ፦ ሦስት ቀጠሮ የሰረዘ ቤተሰብ ይሰናበታል የሚል ሕግ ካላችሁ፣ ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ቤተሰቡ ታሪኩን እንደ አዲስ የሚናገር ከሆነ፣ ቅጻችሁ ለማንም የማይጠቅም የግል ጥያቄ ከያዘ፣ እነዚህ ሳይነሡ የሚሰጥ ሥልጠና ሠራተኛውን በድርጅቱ ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ ነው። ከዚያ የሪፈራል ዝርዝር አዘጋጁ፤ ስልክ ደውላችሁ ማን እንደሚቀበል፣ ስንት እንደሚያስከፍልና ስንት ጊዜ እንደሚያስጠብቅ አረጋግጡ፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አገልግሎት ለተጎዳ ሰው ሌላ የተዘጋ በር ነው። ሠራተኞቹም መቼ ሪፈር እንደሚያደርጉ ይወቁ፦ ክስተቱ አሁን እየሆነ ያለ እስኪመስል ድረስ የሚመለስ ምስል ወይም ቅዠት፣ የሚያስታውሱ ነገሮችን አጥብቆ መሸሽ፣ አደጋ ሳይኖር ሁልጊዜ በስጋት መኖር፣ እነዚህ አንድ ላይ ለሳምንታት ቆይተው ሰውየውን ከሥራው ወይም ልጆቹን ከመንከባከብ ካገዱት የባለሙያ ምርመራ ያስፈልገዋል። ራስን ወይም ሌላውን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ሳምንት አይጠበቅም።

ሥልጠናውን በአስተባባሪዎች ጀምሩ፤ ለሠራተኛው ድጋፋዊ ክትትል የሚሰጠው ሰው ያላወቀውን ሠራተኛው ሊያቆየው አይችልም። ከዚያ ለሁሉም ሠራተኞች ሁለት ግማሽ ቀን፣ አብዛኛው ጊዜ በተግባር ልምምድ ላይ የሚውል፣ በመካከላቸው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሥራ ጊዜ ያለው ሥልጠና ይሰጥ። ቀጥሎ ቢያንስ ለስድስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ ትናንሽ ቡድኖች ተቀምጠው የገጠማቸውን አንድ ጉብኝት ያለ ስም እያነሡ ይወያዩ፤ አስተባባሪውም በቤተሰቡ ፈቃድ አልፎ አልፎ አብሮ እየሄደ አይቶ አስተያየት ይስጥ። ይህ ጊዜ በሥራ ሰዓት ውስጥ የተያዘ እንጂ በትርፍ ሰዓት የሚደረግ አይሁን፤ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ እንዳይሆንም አስቀድሞ ይወሰን።

የተጎዱትን ቤተሰቦች በተመለከተ፣ መጠይቁ መቅረቱንና ያን ጊዜ አለአግባብ መጠየቃቸውን በአጭሩ ይነገራቸው፤ ይቅርታም ይጠየቁ። በር የዘጋችውን እናት ደጋግሞ ማንኳኳት አይገባም። አንድ አጭር መልእክት ይላክላት፤ ያለፈውን እንደማትጠየቅ፣ ከፈለገች ሌላ ሠራተኛ መምረጥ እንደምትችል፣ ከቤቷ ውጪም መገናኘት እንደሚቻል፣ ካልፈለገችም ሌላ የምታገኘው አገልግሎት እንደማይቋረጥባት ይገለጽላት። የልጆቿን ደኅንነት የሚያሰጋ የታወቀ ነገር ካለ ብቻ የተለየ እርምጃ ያስፈልጋል፤ ያም በአስተባባሪው ውሳኔ እንጂ በአንድ ሠራተኛ ግምት አይሁን።

ኃላፊዎ ገንዘቡ ለሥልጠና ብቻ የተፈቀደ ነው ሊሉ ይችላሉ። ለአዳራሽ፣ ለአበልና ለአምስት ቀን አሠልጣኝ የታሰበውን፣ ለሁለት ግማሽ ቀንና አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በየወሩ አስተባባሪዎቹን ለሚያግዝበት ክፍያ እንዲያከፋፍሉት ይጠይቁ፤ የሥልጠናው አካል ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ሪፖርቱም ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት የምስክር ወረቀት ተሰጠ በሚል ቁጥር አይቁም። በስድስተኛው ወር የሚታየው ስንት ቀጠሮ እንደተሰረዘ፣ ከታቀዱት የቡድን ውይይቶች ስንቱ በእርግጥ እንደተካሄዱ፣ ሪፈር ከተደረጉት ስንቱ አገልግሎቱን እንዳገኙ፣ ስንት ሠራተኛ ሥራ እንደለቀቀ ይሁን፤ ጉብኝቱን የማያካሂድ ሌላ ሰው ደግሞ ጥቂት ቤተሰቦችን «ስለ እናንተ ምን እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ምስክር ወረቀት የምትሰጡ ከሆነ ሥልጠናውን መካፈላቸውን ብቻ የሚገልጽ ይሁን፤ «የትራውማ ባለሙያ» የሚል ቃል እንዳይገባበት።